ወንድሜ አርብ ይወጣል፤ የት ይረፍ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ሱስ ሕክምና ከጻፍን በኋላ የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሕክምናውን ነገር አያነሡም። የሚጠይቁት ከሕክምናው ማግስት ስለሚኖርበት ቤት ነው። ሰባቱን መርጠናል። ጠያቂዎቹ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ ስለሆኑ መልሱም የአሜሪካውን አሠራር የተከተለ ነው፤ ዓመተ ምሕረቶቹም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ታናሽ ወንድሜ በመጠጥ ምክንያት 28 ቀን ተኝቶ ታክሞ አርብ ይወጣል። ሶሻል ወርከሯ ‹ሶበር ሀውስ ቢገባ ይሻላል› አለችን። እናታችን ደግሞ ‹እኔ በሕይወት እያለሁ ልጄ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ሊያድር? ሰውስ ምን ይላል?› ብላ እያለቀሰች ነው። ቤቱ ምን ዓይነት ነው? እንዴትስ ይገባል?» እኅት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ሶበር ሀውስ ሆስፒታል አይደለም፤ ነርስም ሐኪምም የለበትም። መጠጥና ዕፅ ያቆሙ ሰዎች አብረው ተከራይተው የሚኖሩበት ተራ መኖሪያ ቤት ነው። ባለቤትና ተቆጣጣሪ ያለው አለ፤ ነዋሪዎቹ ራሳቸው የሚያስተዳድሩትም አለ። ከሁለተኛው ዓይነት በሰፊው የሚታወቀው ኦክስፎርድ ሀውስ የሚባለው ነው፤ የተጀመረውም እዚያው እርስዎ ባሉበት ሲልቨር ስፕሪንግ በ1975 ነው። ካውንቲው ያስተዳድረው የነበረ የማገገሚያ ቤት ሊዘጋ ሲል ነዋሪዎቹ «ኪራዩን እኛው እንክፈል» ብለው ተረከቡት። ዛሬ በመላው አሜሪካ ከ3,000 በላይ እንዲህ ያሉ ቤቶች አሉ።

ለእናትዎ ለማስረዳት ከተቸገሩ «ዕድር ነው» ይበሏቸው። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ በድምፅ ይመረጣሉ፤ ሥልጣናቸው ስድስት ወር ነው። መዋጮ አለ፣ ሳምንታዊ ስብሰባ አለ፣ ቀሪ የሚቀጣበት ደንብ አለ። ልዩነቱ የዕድር አባል ወር ጠብቆ ሲገናኝ እነዚህ ሰዎች በየማለዳው አንድ መታጠቢያ ቤት በር ላይ ተራ የሚጠብቁ መሆናቸው ነው። አንዱ ምግብ ቢተው፣ ክፍሉን ዘግቶ ቢውል፣ ስልኩን ይዞ ደጅ ደጁን ቢል በሁለተኛው ቀን ይታወቅበታል። ቤቱን የሚያሠራው ዋናው ነገር ይኸው ነው።

ለምን ወደ ቤት አይመለስም? ሃያ ስምንት ቀን ሰውነትን ከመጠጥ ያጸዳል እንጂ እንቅልፍን፣ ብስጭትንና አምሮትን አይመልስም፤ እነሱ ወራት ይፈልጋሉ። እቤት ደግሞ የጠጣበት ሶፋ አለ፣ የሚደውለው ጓደኛ አለ፣ «እንዳይከፋው» ተብሎ ኪሱ የሚገባ ሃያ ዶላር አለ። ከሁሉም የሚከፋው ግን አፍ አውጥቶ «ጠጥተሃል?» ብሎ የሚጠይቀው አለመኖሩ ነው። የዲፖል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሕክምና የወጡ 150 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ሁለት ዓመት ተከታትለዋል። ኦክስፎርድ ሀውስ ከገቡት ወደ ሱሱ የተመለሱት 31 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ በተለመደው መንገድ ከተሰናበቱት ግን 65 በመቶ ገደማ ነበሩ።

አገባቡን በሚመለከት፦ አርብን አትጠብቁ፤ ዛሬ ጀምሩ። ክፍት አልጋ ያለባቸው ቤቶች ዝርዝር በኦክስፎርድ ሀውስ ድረ ገጽ ላይ አለ። ደዋዩ እርስዎ ሳይሆኑ ወንድምዎ ራሱ መሆን አለበት፤ ብዙ ቤቶች ዘመድ ሲደውል «እሱ ይደውል» ብለው ይዘጋሉ። ነዋሪዎቹ ቀን ሥራ ላይ ስለሚውሉ ከምሽቱ 11 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት (በፈረንጅ ከ5 እስከ 8) ባለው ይሞክር። ቅጽ ይሞላል፣ ከዚያ ነዋሪዎቹ ተሰብስበው ያነጋግሩታል፦ ምን ትጠጣ ነበር፣ መቼ አቆምህ፣ ሥራ አለህ ወይ፣ የፍርድ ቤት ጉዳይ አለብህ ወይ። ለመግባት 80 በመቶ ድምፅ ያስፈልጋል። ሰባት ነዋሪ ባለበት ቤት ስድስት ሰው «ይግባ» ማለት አለበት ማለት ነው። ሰዎችን የሚያስጠላው ያለፈው ታሪክ አይደለም፤ ታሪኩን ማሳነስ ነው። «አልፎ አልፎ ነበር የምጠጣው» የሚል ሰው 28 ቀን ለምን እንደተኛ ማስረዳት ያቅተዋል። እንግሊዝኛው የሚከብደው ከሆነ ይህንኑ በግልጽ ይንገራቸው። አንድ ቤት ብቻ ይዞ አይጠብቅ፤ ሦስት አራት ጋ ያመልክት።

ይዞ የሚገባው፦ መታወቂያ፣ ስሙ በተለጠፈበት ዕቃ ያለ መድኃኒት፣ ቁልፍ ያለው ትንሽ ሣጥን ለመድኃኒቱ፣ ያንድ ሰው አልጋ አንሶላ፣ ፎጣ፣ የመግቢያ ክፍያና የመጀመሪያው ሳምንት መዋጮ። አርብ ድረስ አልጋ ካልተገኘና እቤት ማደሩ ግድ ከሆነ ቁም ሣጥን ውስጥ ያለውን ውስኪ ብቻ ሳይሆን ጓዳ ውስጥ የተጠነሰሰውን ጠጅም ቀድማችሁ አውጡ።

«በምኖርበት ቤት ባለፈው እሑድ ኮምፕትሮለር (መዋጮ መዝጋቢ) አድርገው መረጡኝ። ስምንት ነን። ሁለቱ የሁለት ሳምንት አልከፈሉም። በዕድሜ ይበልጡኛል፣ መጠየቅ ይከብደኛል። ደግሞ መዋጮው 150 ዶላር የሆነበትን ምክንያት የሚያውቅ ሰው አጣሁ።» ነዋሪ፣ ከሃያትስቪል

ከስሌቱ እንጀምር፤ ስሌቱን የያዘ ሰው ይሉኝታው ይቀንስለታል። የቤቱን የወር ወጪ ደምር። ለምሳሌ ኪራይ 4,200፣ መብራት፣ ጋዝና ውሃ 520፣ ኢንተርኔት 80፣ የጋራ ዕቃ (ሳሙና፣ ሶፍት፣ የቆሻሻ ከረጢት፣ ቡና) 160፤ በድምሩ 4,960 ዶላር። ይህን በ12 አባዝተህ ለ52 ሳምንት አካፍል፤ 1,145 ገደማ ይሆናል። ለስምንት ሲካፈል ለያንዳንዱ 143 ዶላር ነው። 150 ሲባል ከእያንዳንዱ የሚተርፈው ሰባት ዶላር፣ ከሁላችሁ በሳምንት 55 ገደማ፣ ለክፉ ቀን ይቀመጣል።

ክፉው ቀን ባዶ አልጋ ነው። አንድ ሰው ሲወጣ 7 ሰው በ150 የሚያዋጣው 1,050 ነው፤ በየሳምንቱ ወደ 95 ዶላር ይጎድላል። መጠባበቂያ የሌለው ቤት በሁለተኛው ወር ኪራይ ያሳልፋል፤ ከዚያ «ማንም ይግባ» እየተባለ የማይሆን ሰው ይገባል። ብዙ ቤት የፈረሰው በዚህ መንገድ ነው።

አሁን የሁለቱ ሰዎች ጉዳይ። ያንተ ሥራ ማስከፈል አይደለም፤ መዝግቦ ማንበብ ነው። በስብሰባው የሁሉንም ስም በተራ፣ ያንተንም ጨምረህ፣ «ከፍሏል»፣ «300 አለበት» እያልክ ታነባለህ። ለብቻ ጠርተህ አትለምን፤ ጓዳ ለጓዳ የተደረገ ስምምነት ነገ «ፈቅዶልኝ ነበር» ይባልበታል። የሚወስነው ስብሰባው ነው። የተለመደው በጽሑፍ የሚደረግ የክፍያ ውል ነው፦ የሳምንቱ 150 ሳይቀር ከዕዳው 50 እየተጨመረ፣ 300 ዶላር በስድስት ሳምንት ያልቃል። ውሉ አንዴ ከተጣሰ ምን እንደሚደረግ እዚያው ላይ ይጻፍ።

ካሽ አትቀበል። ማኒ ኦርደር ወይም የባንክ ዝውውር ይሁን፤ ለሁሉም ደረሰኝ ቁረጥ። ገንዘቡን ቤቱ ስም ወዳለው ሒሳብ የምታስገባው አንተ ሆነህ ቼክ የሚጽፈው ገንዘብ ያዡ ይሁን፤ በቼኩ ላይ ሁለት ፊርማ ይኑር። ሁለቱን ሥራ አንድ ሰው ደርቦ የያዘበት ቤት ሰውየው ያገረሸበት ቀን ባዶ ካዝና ያገኛል። ይህ ስለ ሰውየው ክፋት የሚባል ነገር አይደለም፤ የሱስ ጠባይ ነው።

«ሶበር ሀውስ ነው የምኖረው፤ በድንገት ሽንት ይመረምሩናል። ሥጋ ወደሙ መቀበል እፈልጋለሁ፤ ምርመራው ላይ ይወጣብኝ ይሆን? አንታቢዩስ የሚባለውንም ክኒን እወስዳለሁ። ማኅበርም አለብኝ።» ከአሌክሳንድሪያ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለቅዳሴ የሚቀርበው ዘቢብ በውሃ ዘፍዝፎ የሚጨመቅ ነው፤ እንደ ወይን ጠጅ ተጠንስሶ አይከርምም። ስለዚህ የሚያሰጋ አይደለም። ቢሆንም ክኒኑን እንደሚወስዱ ለንስሐ አባትዎ አስቀድመው ይንገሩ። በሌሎች አብያተ ክርስቲያናት የሚቀርበው የፈላ ወይን ሊሆን ስለሚችል እዚያ ግን መጠየቅ ግድ ነው። አንታቢዩስ ከጥቂት አልኮል ጋር እንኳ ሲገናኝ ፊት ያቀላል፣ ያስመልሳል፣ ልብ ያስደልቃል፤ ክኒኑ ከቆመም በኋላ እስከ ሁለት ሳምንት ይህ ጠባዩ አይለቅም።

የሚያስቸግረው ከቅዳሴው በኋላ ያለው ነው። ጠላው ይቀዳና «የእመቤታችን ነው፣ ቅመስ እንጂ!» ይባላል። እምቢ ማለት ከመጠጥ ሳይሆን ከጸበል ጻዲቁ እንደመራቅ ይቆጠራል። ክርክር ውስጥ አይግቡ። ማኅበሩ የሚወጣበትን ሰው ዋዜማውን ይደውሉለትና «መድኃኒት ላይ ነኝ፣ አልኮል አይፈቀድልኝም፤ ውሃ አዘጋጅልኝ» ይበሉት፤ ውሸት የለበትም። ገና ሲገቡ ብርጭቆዎን በውሃ ወይም በለስላሳ ይሙሉ፤ ባዶ ብርጭቆ ቀጂ ይጠራል። ዳቦውን ይቅመሱ፣ ጸሎቱ ሲያልቅ ይነሡ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ግን ድርሻዎን ልከው ባይሄዱ ይሻላል፤ ማኅበሩ የትም አይሄድም።

ምርመራውን በተመለከተ፦ ኢቲጂ የሚባለው የሽንት ምርመራ አልኮሉን ሳይሆን ጉበት ከአልኮል የሚሠራውን ነገር ስለሚፈልግ እስከ ሦስት ቀን ገደማ ወደኋላ ያያል። በጣም ንቁ ስለሆነ አልኮል ባለው የአፍ መጉመጥመጫና የእጅ ማጽጃም ሊነካ ይችላል፤ አልኮል የሌለበትን ይግዙ። ብርዝና ቀሪቦ ሲሠሩ ባያሰክሩም ሙቀት ውስጥ ውለው ሲያድሩ ይፈላሉ፤ «ለስላሳ ነው» ብለው አይመኑ። ያልጠጡት ነገር ከወጣብዎ ወዲያው በላቦራቶሪ እንዲረጋገጥ በጽሑፍ ይጠይቁ። አንድ ነገር እንጨምር፦ ጫት አገር ቤት ይፈቀዳል ብሎ መከራከር እዚህ አያዋጣም። እርጥቡ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ ከሄሮይን ጋር በአንደኛው መደብ የተመዘገበ ነው፤ ከቤት ያስወጣል፣ አልፎም ፍርድ ቤት ያቆማል።

«የጭነት መኪና ሹፌር ነኝ። በድንገተኛ ምርመራ ማሪዋና ተገኝቶብኝ ከሥራ ታገድኩ። አሁን ሶበር ሀውስ ነኝ፤ በየሳምንቱ ስመረመር ንጹሕ ነኝ። ይህን ወረቀት ይዤ መንዳት እችላለሁ?» ከቨርጂኒያ

አይችሉም። የቤቱ ምርመራ ለቤቱ ብቻ ነው። ማሪዋና በሜሪላንድ ከሐምሌ 2023 ጀምሮ ለአዋቂ መፈቀዱም ለንግድ መንጃ ፈቃድ አይጠቅምም፤ ደንቡ የፌዴራል ነው። ስምዎ ክሊሪንግሀውስ በሚባለው የፌዴራል መዝገብ ላይ «የተከለከለ» ተብሎ ሰፍሯል፤ ከኅዳር 18 ቀን 2024 ጀምሮ ደግሞ ስቴቱ የንግድ መንጃ ፈቃዱን ራሱን ዝቅ ያደርገዋል።

መንገዱ ይህ ነው። የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ያወቀው ሳፕ የሚባል ባለሙያ ያነጋግርዎታል፤ ሕክምና ወይም ትምህርት ያዝልዎታል። ያን ሲጨርሱ ያው ባለሙያ እንደገና ያይዎታል፤ ካልተስማማዎት ብለው ሌላ መርጠው መሄድ አይፈቀድም። ከዚያ ወደ ሥራ መመለሻ ምርመራ በሰው ዓይን እየታየ ይደረጋል። እሱን የሚያዘው አሠሪ ነው፤ የራስዎ መኪና ከሆነ በአባልነት የተመዘገቡበት የምርመራ አስተዳዳሪ ድርጅት ነው። ካለፉ በኋላ በመጀመሪያዎቹ 12 ወራት ቢያንስ 6 ድንገተኛ ምርመራ ይጠብቅዎታል፤ ባለሙያው እስከ 5 ዓመት ሊያራዝመው ይችላል።

ከቤቱ ጋር የሚጋጨው ረጅሙ መንገድ ነው። ሁለት ሳምንት ካሊፎርኒያ ደርሶ የሚመለስ ሰው ሁለት ስብሰባና ሁለት የጽዳት ተራ ይቀርበታል፤ ሌሊቱንም በትራክ ስቶፕ ብቻውን ያድራል። ፈቃዱ ሲመለስ ለመጀመሪያው ጊዜ ማታ ማታ ቤት የሚያስገባ የአካባቢ ሥራ፣ ገልባጭም ሆነ የዕቃ ማድረሻ፣ ክፍያው ቢያንስም ይያዙ። የአሜሪካ ዜግነት ከሌለዎት ስለ ዕፅ ማንኛውንም ነገር ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ከመጻፍዎ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ።

«ልጃችን ሶበር ሀውስ አራተኛ ወሩ ነበር። ማክሰኞ ሌሊት ጠጥቶ ተገኘ ብለው በዚህ ብርድ ከነሻንጣው አስወጡት። ይህ ጭካኔ አይደለም? አሁን ሳሎን ተኝቷል።» እናትና አባት፣ ከጀርመንታውን

ኦክስፎርድ ሀውስ ፈቃድ የሚያገኘው በሦስት ግዴታዎች ነው፦ ራሱን በድምፅ ያስተዳድራል፣ ወጪውን ራሱ ይሸፍናል፣ ጠጥቶ ወይም ዕፅ ወስዶ የተገኘን ወዲያው ያስወጣል። ሦስተኛውን ያልፈጸመ ቤት ፈቃዱን ያጣል። ምክንያቱ ቅጣት አይደለም። ሌሎቹ ሰባት ሰዎች የሚታገሉት ያንኑ ሽታ ነው፤ አንዱ ታልፎ ሲያድር ሁለተኛው «እኔስ?» ይላል። እንዲያም ሆኖ ደህና ቤት ሰው በብርድ አይጥልም፤ ዲቶክስ (ሰውነት ከመጠጥ የሚጸዳበት ሕክምና) ይደውላል፣ ዘመድ ይጠራል፣ በመኪና ያደርሳል። ይህን ካላደረጉ ቅሬታችሁ በዚህ በኩል ትክክል ነው።

አሁን ማወቅ ያለባችሁ ስንት ቀን እንደጠጣ ነው። የአንድ ሌሊት ከሆነ ይተኛ፤ በጎኑ፣ በጀርባው አይደለም፤ አተነፋፈሱንም እየቀሰቀሳችሁ እዩ። ቀሰቀሳችሁት አልነቃ ካለ ወይም ትንፋሹ ከዘገየ ሳታመነቱ 911 ጥሩ። ለብዙ ቀን ተደብቆ ሲጠጣ ከርሞ ከሆነ ደግሞ በር ቆልፎ ማስቆም አደገኛ ነው። ከመጨረሻው መለኪያ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ መንቀጥቀጥና ላብ ይጀምራል፤ እስከ ሁለተኛው ቀን ባለው ጊዜ እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን መካከል የሌለ ነገር ሊያሳየው ይችላል። መንቀጥቀጡ ሲጀምር ወደ ሐኪም ቤት፤ ከጣለው ወይም ከቃዠ 911። ሰው በዚህ ይሞታል።

ከዚህ በፊት ሱስ የሚያስይዝ የሕመም ማስታገሻ ክኒን፣ ሄሮይን ወይም ፈንታኒል የነካ ከሆነ አደጋው ሌላ ነው። አራት ወር ያቆመ ሰውነት የድሮውን መጠን አይችልም፤ እንደ በፊቱ ልውሰድ ያለ ሰው ትንፋሹ ይቆማል። ናርካን የሚባለው፣ በእነዚህ ዕፆች የቆመን ትንፋሽ የሚመልስ የአፍንጫ መርጫ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፋርማሲ ይሸጣል፤ ሁለት ባለ 4 ሚሊግራም መርጫ በአንድ ማሸጊያ አለው። አንዱን በአንድ አፍንጫ ቀዳዳ ጨርሳችሁ ርጩ፣ 911 ጥሩ፣ ትንፋሽ ስጡት፤ በ2 እና 3 ደቂቃ ውስጥ ካልነቃ ሁለተኛውን በሌላው ቀዳዳ። ነቃ ብላችሁ አትተዉት፤ ናርካኑ ከዕፁ ቀድሞ ሊያልቅ ይችላል።

ከዚያ በኋላ ያለው ንግግር ነው። ነገ ጠዋት አማካሪው ጋ ይደውል፤ እናንተ አትደውሉለት። ወደዚያው ቤት ለመመለስ ብዙ ቤቶች ያለመጠጥ 30 ቀን ይጠይቃሉ፤ ሌላ ቤት ከዲቶክስ በኋላ ቶሎ ሊቀበለው ይችላል። እስከዚያ እናንተ ዘንድ የሚቆይበትን የመጨረሻ ቀን ወረቀት ላይ ጻፉ። ገንዘብ መርዳት ከፈለጋችሁ በእጁ አትስጡት፤ የመጀመሪያ ሳምንቱን መዋጮ በቀጥታ ለቤቱ ክፈሉ። እናት ለብቻ፣ አባት ለብቻ የሚሰጡበት ቤት ልጁ ሁለቱንም ያውቃል።

«አንድ ሰው ደውሎ ‹ኪራይ የለም፣ ምግብ ነፃ፣ ኢንሹራንስ ካርድህን ብቻ ላክልኝ› አለኝ። ጥሩ ዕድል ነው?»

አይደለም። ኢንሹራንስም ሆነ ሜዲኬይድ የሶበር ሀውስ ኪራይ በተለምዶ አይከፍልም። ነፃ የሆነው ቤት ወጪውን የሚያወጣው እርስዎን ወደ አንድ ክሊኒክ በማመላለስ በሚከፈል ሒሳብና በማያስፈልግ የሽንት ምርመራ ነው። ታካሚ አምጥቶ ኮሚሽን መቀበል በ2018 በወጣ የፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው። ካርዱን አይላኩ። የትኛውም ቤት ከመግባትዎ በፊት ክፍያውን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ናርካን የት እንደሚቀመጥ፣ እንደ ሳቦክሶን ያለ በሐኪም የታዘዘ የሱስ መድኃኒት ይቀበሉ እንደሆነም ይጠይቁ። ሁለቱን ለመመለስ የሚያቅማማ ሰው ቤቱን አያውቀውም።

«የቤቱ ሰዎች ወጥ ስሠራ ምንም አይሉም፤ ቡና ሳፈላ ግን እጣን ማጨስ አትችይም አሉኝ። ምን አጠፋሁ?»

ምንም አላጠፋሽም፤ እነሱም በአንቺ አልተነሡም። በብዙ ሶበር ሀውስ እጣንና ሻማ ክልክል ነው፤ አንድም ለእሳት አደጋ፣ ሁለትም እጣን የማሪዋና ሽታ መሸፈኛ ሆኖ ስለቆየ። ከሰል ቤት ውስጥ ማንደድ ግን በማንም አገር ደንብ አይደገፍም፤ ጭሱ ሽታ በሌለው ጋዝ ይገድላል። ቡናውን በምድጃው ላይ ማራገቢያውን ከፍተሽ ቁዪ፤ የጭስ ማስጠንቀቂያውን በፌስታል መሸፈን የሚባለውን ዘዴ እንዳትሞክሪ። እጣኑን በስብሰባው አጀንዳ አስይዥ፦ «እሑድ ከሰዓት፣ በረንዳ ላይ፣ በኤሌክትሪክ ማጨሻ፣ ሁላችሁም ተጠርታችኋል» ብለሽ። ፈንዲሻውን ከስብሰባው በፊት ብታቀርቢ ድምፅ አይጎዳም።